መሥሪያ ቤት በአዲስ ሲደራጅ የሠራተኛን መብት ስለ መጠበቅ

በፒያሳ አናት ላይ በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ ከተሠራው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ጀምሮ በአራዳ ክፍለ ከተማና በወረዳዎቹ ጽሕፈት ቤቶች፣ አልፎም በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ ዙሪያ ባሉት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሕዝብን ለሚያገለግሉት ወንድሞችና እኅቶች ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያነሣሣኝ፣ «አዲስ አደረጃጀት መጣ» የሚለው ወሬ በየመሥሪያ ቤቱ በተሰማ ቁጥር፣ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት በቅንነት የሠራ ሰው ሳይቀር ስለ ልጆቹ ዕለታዊ እንጀራ ሲሠጋ፣ ሥጋቱንም በሕግ መንገድ ከማስወገድ ይልቅ ወደ አማላጅ ቤት ሲሮጥ ማየቴ ነው። ከዚህ በታች የምገልጻቸውን ነገሮች በየተራቸው ቢፈጽሙ፣ ለውጡ ቅን ከሆነ ያለ ሥጋት ያልፉበታል፤ አድልዎ የገባበት ከሆነም አድልዎውን በማስረጃ ገልጠው በዳኛ ፊት ለመርታት የሚያስችል ነገር በእጅዎ ይኖራል።

አስቀድሞ ግን ለውጥን ሁሉ እንደ መቅሠፍት መቍጠር ተገቢ እንዳልሆነ መናገር ይገባኛል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ከሾሙ በኋላም ቢሆን ለረጅም ዘመን የመንግሥት ሥራ የሚገኘው በአብዛኛው በደጅ ጥናትና በዘመድ ነበረና፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የማዕከላዊ ፐርሶኔል ኤጀንሲ ተቋቁሞ ቅጥርና ዕድገት በችሎታና በውድድር እንዲሆን መደንገጉ ለድኻው ልጅ ትልቅ በር የከፈተ ተሐድሶ ነበረ። በውጭው ዓለምም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1881 ሹመት ለምኖ ባጣ ሰው ጥይት ተመተው ከሞቱ በኋላ፣ በሁለተኛው ዓመት የወጣው የፔንድልተን ሕግ የመንግሥት ሥራ በፖለቲካ ውለታ ሳይሆን በፈተና እንዲገኝ፣ ሠራተኛውም ለፓርቲ ገንዘብ ባለማዋጣቱ እንዳይባረር ደነገገ። ውድድርና ጥበቃ በአንድ ሕግ አብረው መደንገጋቸውን ልብ ይበሉ፤ ችሎታን የሚጠይቅ መንግሥት ችሎታ ያለውን ሰው ከአለቃ ቍጣ ካልጠበቀው፣ የቀድሞው ደጅ ጥናት ስሙን ለውጦ ተመልሶ ይመጣልና።

ይህንንም የምለው በአገራችን የታየውን በማሰብ ነው። በ1985 ዓ.ም. ከአርባ የሚበልጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራቸው ተሰናብተዋል፤ ብዙ ዘመን የደከሙበት ዕውቀታቸው ከዚህ አላዳናቸውም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ሠራተኞች አስተዳደር ደንብ ቁጥር 155/2000 ደግሞ በ37ኛው አንቀጹ፣ ዋና ዳይሬክተሩ በሙስና የጠረጠረውን ሠራተኛ መደበኛውን የዲሲፕሊን ሥነ ሥርዓት ሳይከተል እንዲያሰናብት፣ የተሰናበተውም ሰው በየትኛውም የዳኝነት አካል ውሳኔ ወደ ሥራው የመመለስ መብት እንዳይኖረው ደንግጎ ነበር። ሙስናን መዋጋት ቅዱስ ዓላማ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን ጥርጣሬን ብቻ ይዞ ሰውን ከእንጀራው መለየትና የአቤቱታውን በር መዝጋት፣ ፍትሕ የማግኘትን መብት በዚያው በ37ኛ ቁጥር አንቀጹ ከሚያውጀው ሕገ መንግሥት ጋር የሚስማማ ሆኖ አላገኘሁትም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ተግባር የሚተዳደሩበትን ሕግ ለይቶ ማወቅ ነው። የከተማው አስተዳደር ሠራተኛ ከሆኑ የሚመለከትዎ በአዲስ ነጋሪ ጋዜጣ የሚታወጀው የከተማው ሕግ፣ ይልቁንም የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 56/2010 ነው። የፌዴራል ሠራተኛ ከሆኑ ግን ሕግዎ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የወጣው ነው፤ በዚያም በኩል አዋጅ ቁጥር 515/1999ን ቁጥር 1064/2010 ተክቶታል፤ ይህንንም በተራው አዋጅ ቁጥር 1353/2017 ተክቶታል። አንድ ሰው የጎረቤቱን ሕግ ይዞ ሲከራከር ቀኑ ያልፍበታልና ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ከማዘጋጃ ቤቱ ወደ አራት ኪሎ ቢወርዱ በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የፌዴራሉን ነጋሪት ጋዜጣ ገዝተው ቤትዎ ሊያስቀምጡ ይችላሉ። ከአዋጅ በታች ደንብ፣ ከደንብ በታች መመሪያ፣ ከመመሪያም በታች በየጊዜው የሚበተነው ሰርኩላር እንዳለ ያስተውሉ፤ አለቃዎ «መመሪያው እንዲህ ይላል» ባሉ ጊዜ በአክብሮት ቁጥሩንና የወጣበትን ቀን ይጠይቁ፣ ጽሑፉንም አይተው ከአዋጁ ጋር ያመሳክሩ፤ የታችኛው ሕግ የላይኛውን ሊሽር አይችልምና። እኔም ከዚህ በታች የቀደሙትን አዋጆች ድንጋጌ በጠቀስሁ ጊዜ፣ ዛሬ በእርስዎ ላይ ከሚሠራው ጋር አስተያይተው እንዲወስዱት ነው።

ሁለተኛው ተግባር፣ ከሁሉም የሚበልጠውና ሰው አብዝቶ የሚዘነጋው፣ ማስረጃን በቤት ማኖር ነው። የግል ማኅደርዎ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ስላለ ብቻ የተጠበቀ አይምሰልዎ፤ በተለይም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ የፒያሳን ሰፈር አፍርሶ እንደገና በሠራበት፣ ጽሕፈት ቤቶችም በሚጣመሩበትና በሚለያዩበት በዚህ ዘመን፣ ማኅደር ከክፍል ወደ ክፍል ሲዘዋወር አንዲት ቅጠል ወረቀት ወድቃ ብትቀር የሚጎዳው የማኅደሩ ባለቤት ነው። ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤዎን፣ የስድስቱን ወር የሙከራ ጊዜ ጨርሰው ቋሚ የሆኑበትን ደብዳቤ፣ የደረጃ ዕድገትና የዝውውር ደብዳቤዎችን ሁሉ፣ የተፈረመበትን የሥራ መደብዎን ዝርዝር፣ የየመንፈቁን የሥራ አፈጻጸም ምዘና፣ የምስጋና ወረቀትና የሥልጠና ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃዎችንም ከነማረጋገጫቸው አንድ በአንድ ኮፒ አስደርገው በዘመን ቅደም ተከተል ያኑሩ። ስምዎ በትምህርት ማስረጃው፣ በቅጥር ደብዳቤውና በመታወቂያዎ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ያረጋግጡ፤ የአያት ስም መጕደሉ ወይም የአንዲት ፊደል መለዋወጥ በድልድል ቀን «ማስረጃው የእርስዎ መሆኑ አይታወቅም» የሚል ጥያቄ ሲያስነሣ አይቻለሁና። የልደት ዘመንዎንም እንዲሁ ይመልከቱ፤ ስድሳ ዓመት የሆነው የመጦሪያ ዕድሜ የሚቈጠረው መጀመሪያ ሲቀጠሩ ባስመዘገቡት ዘመን ነው።

ከምዘናው ወረቀት ላይ ጥቂት ልዘግይ። ብዙ ሠራተኛ በየመንፈቁ የሚሞላለትን ነጥብ ሳያነብ ይፈርማል፤ አለቃውን ላለማስቀየም፣ ወይም ነጥቡ ምንም የማይለውጥ መስሎት ነው። በተሐድሶ ጊዜ ግን ያ ወረቀት ሚዛኑ ራሱ ይሆናል። የ1999ኙ አዋጅ የሰው ኃይል ቅነሳ በሚደረግበት ጊዜ የሚቀነሰው በተመሳሳይ መደብ ካሉት ጋር ተወዳድሮ በአፈጻጸሙና በችሎታው ያነሰው እንዲሆን ይደነግግ ነበርና፣ ባለፈው ዓመት ሳያነቡ የፈረሙበት ዝቅተኛ ነጥብ ዛሬ በእርስዎ ላይ ይመሰክራል። ስለዚህ ነጥቡ የተሳሳተ ከመሰለዎ፣ ከመፈረምዎ በፊት በምን ሥራ ላይ እንደ ጐደሉ ጠይቀው ያስገልጡ፤ ካልተስማሙም በዚያው ወረቀት ላይ አለመስማማትዎን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ያኑሩ። አለቃዎም ቅን ከሆኑ በዚህ አይቈጡም።

ሦስተኛው ተግባር የሚመጣው የፈተና ወይም የድልድል ማስታወቂያ በሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ጊዜ ነው። የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ቀጥሎም መደቦችን በነጥብ መዝኖ ደረጃ የሚሰጠው የሥራ ምዘና በየተራ መጥተው በየመሥሪያ ቤቱ አልፈዋል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ከዐሥር ሺህ የሚበልጡ ሠራተኞቹንና የሥራ ኃላፊዎቹን የብቃት ምዘና ፈተና አስቀምጧል፤ ያላለፉትም ብዙዎች ነበሩ። ፈተናውን አልነቅፍም፤ ዳይሬክተሩና የቡድን መሪው ከበታች ሠራተኛው ጋር አብረው መፈተናቸው ይልቁንም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ማንኛውም ተፈታኝ እስክሪብቶውን ከማንሣቱ አስቀድሞ አንዳንድ ጥያቄዎችን በጽሑፍ ማቅረብ ይገባዋል፤ ፈተናው ስለ የትኛው የሥራ መደብ ነው፣ ጥያቄዎቹ ከሥራው ዝርዝር የሚወጡ ናቸው ወይስ ከሌላ፣ ማለፊያው ስንት ነው፣ ለልምድና ለቀደመው አፈጻጸም ስንት ነጥብ ይያዛል፣ የወደቀ ሰው ሥልጠና አግኝቶ እንደገና ይፈተናል ወይስ አይፈተንም፣ ውጤቱንስ ማን ያርማል፣ የፈተና ወረቀቱንስ ማየት ይቻላል ወይ ብሎ። መልሱ ከፈተናው በኋላ ከመጣ፣ ወይም ጭራሹን ካልመጣ፣ ያስገቡት ጥያቄ ራሱ ማስረጃ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ይህን ልብ ይበሉ፦ ፈተና መውደቅ የዲሲፕሊን ጥፋት አይደለም። የችሎታ ማነስ በሕግ የራሱ ሥነ ሥርዓት አለው፤ ጥፋትም የራሱ አለው፤ የመደብ መታጠፍም የራሱ አለው። እነዚህን ሦስቱን ቀላቅሎ «በሪፎርሙ ምክንያት ተሰናብተዋል» የሚል ደብዳቤ ቢደርስዎ፣ በየትኛው አንቀጽ መሠረት እንደ ሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። መደብዎ በመታጠፉ ከሆነ፣ በ1999ኙ አዋጅ መሠረት መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ በተመሳሳይ ደረጃ ሌላ መደብ ሊፈልግልዎ ይገባው ነበር፤ ወደ ዝቅተኛ ደረጃ መውረድም የእርስዎን ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነበረ። ለሚቀነሰውም ሠራተኛ ያው አዋጅ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሦስት ወር ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የወር ደመወዙን ሢሶ፣ በጠቅላላው ግን ከዐሥራ ሁለት ወር ደመወዝ የማይበልጥ ክፍያ ወስኖ ነበር። ዛሬ በሚሠራው ሕግ ይህ ምን ያህል እንደ ሆነ ሳያዩ በክሊራንስ ወረቀት ላይ አይፈርሙ።

በወሊድ ፈቃድ ላይ ያሉ እኅቶች በዚህ ጊዜ ይበልጥ ሊጠነቀቁ ይገባል። የ2010ሩ የፌዴራል አዋጅ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱም በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቅዶ ነበር፤ ነገር ግን ድልድሉ በፈቃድዎ መካከል ቢውል የሚያስታውስልዎ ሰው ላይኖር ይችላልና፣ ከመውጣትዎ በፊት አድራሻዎንና ስልክዎን ጽፈው፣ ማናቸውም ማስታወቂያ እንዲደርስዎ ጠይቀው፣ ግልባጩን ይዘው ይውጡ። አካል ጉዳተኛ የሆኑ ሠራተኞችም ለፈተናው የሚያስፈልጋቸውን አመቺ ሁኔታ አስቀድመው ይጠይቁ፤ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ይህን የሚደግፍ ነው።

ክስ የመጣብዎ እንደ ሆነ ደግሞ አራተኛውን ተግባር ይከተሉ። ክሱ በጽሑፍ፣ ጥፋቱ የተፈጸመበት ቀንና ሁኔታ ተገልጦ፣ ማስረጃው ተያይዞ ሊሰጥዎ ይገባል፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴውም መልስዎን በጽሑፍ ተቀብሎ፣ ምስክሮችን በእርስዎ ፊት ሰምቶ፣ የእርስዎንም ምስክሮች አድምጦ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ ራሱ አይቀጣም፤ የሚወስነው የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነው። በቀደሙት አዋጆች ቅጣቱ ከቃል ማስጠንቀቂያ ጀምሮ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ እስከ አንድ ወር ከዚያም እስከ ሦስት ወር በሚደርስ የደመወዝ መቀጮ፣ ከደረጃና ከደመወዝ ዝቅ በማድረግ እያለ በስንብት የሚያበቃ ነበረ፤ ፊተኞቹ ሦስቱ ቀላል፣ ኋለኞቹ ሦስቱ ከባድ ይባሉ ነበር። ከሥራ ቢታገዱም የእገዳው ምክንያትና የሚቈይበት ጊዜ በደብዳቤ ሊነገርዎ ይገባል። በስብሰባው ላይ የተነገረውን ሁሉ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊው በትክክል መጻፉን ሳያነቡ አይፈርሙ፤ ያልተጻፈ ክርክር በይግባኝ ጊዜ እንዳልተነገረ ይቈጠራል።

አምስተኛው ተግባር አቤቱታ ነው። እዚህ ላይ የምለው ብዙ ነው። ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን ሌላ፣ እርስዎ የተቀበሉበት ቀን ሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ ሲቀበሉ ከፊርማዎ አጠገብ የተቀበሉበትን ቀን በእጅዎ ይጻፉ፤ የአቤቱታ ጊዜ ከዚያ ይቈጠራል። ለመሥሪያ ቤቱ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ የሚቀርበው የመጀመሪያው ቅሬታ የሚፈቀድለት ቀን ጥቂት ነውና በማግሥቱ መጻፍ ይጀምሩ፤ ዘመድ እስኪያማልድ፣ ኃላፊው ከመስክ እስኪመለስ እያሉ የሚጠብቁ ሰዎች መብታቸውን የሚያጡት በአብዛኛው በዚህ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ካልተፈታ፣ ወደ መንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ይሄዳሉ፤ የፌዴራሉም የከተማውም እየራሳቸው ይህን የሚመለከት ችሎት አላቸው። ሕገወጥ ስንብትና እገዳ፣ ከባድ የዲሲፕሊን ቅጣት፣ ያለ ሕግ የተያዘና የተቈረጠ ደመወዝ፣ በሥራ ላይ ከደረሰ ጉዳት የሚመጣ መብት በዚያ ይታያሉ። ፍርዱ የሕግ ስሕተት ካለበት ደግሞ ይግባኙ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ያልፋል። አስተዳደራዊ በደል ሲሆን የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አቤቱታ ይቀበላል፤ ነገር ግን ወደዚያ መሄድዎ የፍርድ ቤቱን ቀን አያቆምምና ሁለቱን አያምታቱ።

አቤቱታውን ስለ መጻፍ አንድ ነገር ልጨምር። በፍርድ ቤቶች አቅራቢያ ተቀምጠው በትንሽ ክፍያ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ እጅግ የተማሩ ናቸው፤ ሌሎቹ ግን የቀድሞውን የደጅ ጠኚ ቋንቋ ይዘው «ጌታዬ እንደ አባት አይተው ይማሩኝ፣ የልጆች እናት ነኝ» በሚል ልመና ሦስት ገጽ ይሞላሉ። እርስዎ የሚጠይቁት ምሕረት ሳይሆን መብት ነውና፣ ጽሑፍዎ በአንድ ወይም በሁለት ገጽ የሚያልቅ ይሁን፤ መቼ ተቀጠሩ፣ በምን መደብ ነበሩ፣ ምን ደብዳቤ በስንት ቀን ደረሰዎ፣ የትኛው አንቀጽ ተጣሰ፣ ምን እንዲወሰንልዎ ይጠይቃሉ የሚለውን በዘመን ቅደም ተከተል ያስፍሩ። ስድብና ሐሜት አያስገቡበት፤ ኃላፊውን በዘሩ ወይም በፓርቲው መክሰስ፣ ማስረጃ ከሌለዎ፣ እውነተኛውን ነገርዎን ያደክመዋል። በሁለት ቅጂ አትመው አንዱን ለመዝገብ ቤት ይስጡ፤ በእጅዎ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ማኅተሙን ያስደርጉበት። ማኅተም ያላረፈበት ግልባጭ አቤቱታዎ መግባቱን አያስረዳልዎትም። አባቶቻችን በፍትሐ ነገሥት ሲዳኙ ፈራጅ መማለጃ እንዳይቀበልና ባለ ጋራን ሳይሰማ እንዳይፈርድ ይጠበቅበት ነበር፤ ያው ሥርዓት ዛሬም የሚሠራው ባለ ጉዳዩ ነገሩን በንጹሕ ወረቀት ሲያቀርብለት ነው።

የድልድል ወይም የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል ሆነው የተመረጡ ሰዎችም ይህን ቢያነቡ፣ የምለምናቸው ነገር አጭር ነው፤ ዘመድዎ ወይም ባላንጣዎ የቀረበ እንደ ሆነ ከስብሰባው ይውጡ፤ የነጥቡን ዝርዝር ውጤቱ ከመታወቁ በፊት ይለጥፉ፤ ያልተመደበውን ሰው ለምን እንዳልተመደበ በጽሑፍ ይንገሩት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀር አንድ ትልቅ ጕድለት አለ። የግል ድርጅት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በማኅበር ተደራጅቶ ከአሠሪው ጋር የኅብረት ስምምነት ይዋዋላል፤ ያ አዋጅ ግን የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም። ሕገ መንግሥቱ በ42ኛው አንቀጽ ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችም ማኅበር የማቋቋም መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ ኢትዮጵያም በማኅበር የመደራጀት ነጻነትን የሚደነግጉትን የዓለም የሥራ ድርጅት 87ኛና 98ኛ ስምምነቶች በ1963 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። ሆኖም ያ መብት በተግባር የሚገለጽበት ሕግ ለሠራተኛው እስካልወጣለት ድረስ፣ አዲስ አደረጃጀት ሲረቀቅ በጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጠው አሠሪው ብቻ ነው፤ ሠራተኛው የሚጠራው ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ ነው። ይህ ፍትሐዊ አይደለም፤ ሕግ አውጪዎችም የ42ኛውን አንቀጽ ቃል በሥራ እንዲገልጡት የሚገባ ጊዜው ዛሬ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን፣ ረቂቅ መመሪያ ለውይይት በቀረበ ጊዜ ከመደብ ባልደረቦችዎ ጋር ተመካክረው አስተያየታችሁን በአንድ ጽሑፍ፣ በስማችሁና በፊርማችሁ፣ ለሰው ሀብት አስተዳደሩ አስገብታችሁ ግልባጩን ያዙ።